የሸጋው ይሉኝታ

በሁለት ሺህ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ በወንቃ ቀበሌ ሐሙስ ጠዋት ዶማ የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ሐሙስ የሴሚናር ቀን ነው። ማሳ ያለው ሁሉ ጋቢውን ደርቦ ወደ አዳራሹ ይወጣል፤ ማሳ የሌለውም ይወጣል፣ ምክንያቱም በዚያ አገር ከሴሚናሩ የሚበልጥ ጨዋታ አይገኝም።

መጀመሪያ ባለሙያው ስለ አፈር ለምነት ያስተምራል። ሰዉ ትምህርቱን በቃሉ ያውቀዋል፤ ቢሆንም እንደ አዲስ ይሰማል። ናይትሮጅን ሲጎድል ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ይሆናል። ፎስፈረስ ሲጎድል ወደ ሐምራዊ ያደላል። አፈር ሲኮመጥጥ ደግሞ የሰጡትን ሁሉ አስሮ ይይዛል እንጂ ለሰብሉ አያካፍልም፤ የዚህ መድኃኒቱ ኖራ ነው። ይህ ካለቀ በኋላ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ተራ ይደርሳል፤ የማሳዎቹ ተራ። ስማቸው አንድ በአንድ ይጠራል፣ እነሱም ባሉበት ሆነው ከጣራው ሥር በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ምን እንደጎደላቸው ይናገራሉ።

ማሳ አፍ ካወጣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ድሮ ለገበሬው ስለ አፈሩ ቁጥር ይላክለት ነበር አሉ፤ ቁጥሩን የሚያነብ ጠፋ። ሰው ሲያናግሩት ነው የሚሰማው ተባለና ለእያንዳንዱ ማሳ ጥጉ ላይ የሚሰማና የሚናገር ምሰሶ ቆሞ ድምፅ ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ የማሳው ቃል የመጨረሻ ቃል ሆነ። ማዳበሪያ የሚታደለው ማሳው በጠየቀው ልክ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ስለ ማሳው የሚናገረው እንደ ወሬ እንጂ እንደ ማስረጃ አይቆጠርም። የወንቃ ሰው ይህንንም ለምዶታል። ጠዋት ከቤተሰብ አስቀድሞ ማሳውን «እንዴት አደርክ» ይላል፣ ባልና ሚስትም ሲጣሉ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው ይጣላሉ፤ ሰሚ አለና።

በሴሚናሩ ከሁሉ የሚቀድመው የአያ ቢያድግልኝ ማሳ ነው፣ ስሙም ነጋሪት ይባላል። አያ ቢያድግልኝ ሲነሳ ወገቡን፣ ሲተኛ ጉልበቱን፣ በመሃል ደግሞ ዝናቡንና መንግሥትን የሚያማርር ሰው ነው። ነጋሪትም ስሙ እስኪጠራ አይጠብቅም።

«ሞትኩ! ዩሪያ! አምና የሰጣችሁኝ እኮ ለጥርሴም አልበቃ! እኔ ስጮህ የሚሰማኝ የለም፣ ጎረቤቶቼ ግን ተኝተው ይበላሉ!»

አዳራሹ በሳቅ ይሞላል፤ ነጋሪትም የጠየቀው ይሰጠዋል። ተሰጥቶት ተሰጥቶት አምና ስንዴው ከልክ በላይ ረዘመና ጋሽቦ መሬት ላይ ተኛ። ለዚህም ነጋሪት ያማረረው ነፋሱን ነው።

የነጋሪት ጎረቤት የእትዬ አንጓች ማሳ ነው። እትዬ አንጓች ባለቤቷ ከሞተ አራት ዓመት ሆኗታል፤ አንድ ልጇ ይበልጣል ከልጆቹ ጋር ባህር ዳር ነው የሚኖረው። ማሳዋን ሸጋው ብላ የሰየመችው ራሷ ናት፣ ስሙንም አላሳፈረውም።

«ሸጋው!»

«አቤት።»

«ምን ጎደለህ?»

«ምንም አልጎደለብኝ፣ ተመስገን። እናንተ ብቻ ደህና ሁኑ። ለሌሎቹ ስጧቸው።»

ሴቶቹ ወደ እሷ ዞር ብለው «አስተዳደግ ነው እንጂ!» ይላሉ። እትዬ አንጓች ነጠላዋን አስተካክላ መሬት መሬት ታያለች። ደስ ይላታል። ባል የሌለው ቤት፣ ሰው የማይመላለስበት ደጅ፣ ግን እንዲህ ያለ ጨዋ ማሳ!

ጨዋነቱ ግን ጎተራ አልሞላም። ካቻምና ስንዴው አጥሮ ቀረ። አምና ደግሞ ከአጥሩ ማዶ የነጋሪት ስንዴ ደረት ሲደርስ የሸጋው ከጉልበት አላለፈም፣ ፍሬውም ሲፈተግ እፍኝ አይሞላም። እትዬ አንጓች እያዘነች «ምን ሆነህ ነው?» ስትለው ሸጋው «ምንም አልሆንኩም፣ ተመስገን» ይላታል። ማሳው ጠግቤያለሁ እያለ ካላመረተ፣ ሕጉ ለዚህ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፤ ደክሞታል። የደከመው ማሳ ሰባት ዓመት ጦም ያድራል። አጥር ይታጠርበታል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ባለቤቱም ወደ ዘመድ ይሄዳል። እትዬ አንጓች ስልሳ አራት ዓመቷ ነው።

በሚያዝያ ውስጥ ወሬው ደረሳት። የመሬት ዕረፍት ዳኛ በመጪው ሐሙስ መጥተው ሸጋውን በሴሚናሩ ፊት ይጠይቁታል፤ በማግስቱ ወይ ይታረሳል ወይ ይታጠራል።

ይበልጣል በዚያው ቀን ማታውን ደወለ። እትዬ አንጓች ጆሮዋ ከበድ ስለሚላት ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ መደብ ላይ አስቀምጣ ነው የምታወራው።

«እማዬ፣ ሰማሁ። አይዞሽ፣ ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ። አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ነው፣ በመስኮት ጣና ይታይሻል።»

«እግዜር ይስጥህ ልጄ።»

«አሁንስ ምን ጎደለሽ? ምን ልላክልሽ?»

«ምንም አልጎደለብኝ፣ ተመስገን። አንተ ብቻ ደህና ሁን።»

ይበልጣል እፎይ ብሎ ዘጋ። እሷ ግን አሥራ ዘጠነኛውን ፎቅ ታውቀዋለች፤ አንድ ጊዜ ሄዳበታለች። ሊፍት ውስጥ ገብታ «እንዴት ዋላችሁ» ስትል ሰዉ ሁሉ ጫማውን ነበር ያየው።

የባሰው ደግሞ የሚቀጥለው ጠዋት ነበር። ጉዳዩ ለዳኛ የቀረበ ማሳ፣ ባለቤቱ የሚለውን እንዳያስጠናው ተብሎ አፉ ይዘጋል። እትዬ አንጓች ይህን እያወቀች ከበሩ ወጥታ እንደ ልማዷ «እንዴት አደርክ ሸጋው?» አለች። መልስ የለም። ከባለቤቷ ሞት ወዲህ ጠዋት ጠዋት የሚመልስላት ድምፅ እሱ ብቻ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባት። ነጋሪት ከማዶ «እኔንስ ማን ጠየቀኝ!» እያለ ይጮህ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ባለሙያው ምኒችል መጣ። ምኒችል በወንቃ ሴሚናሩን የሚመራ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ቀጭን ልጅ ነው። ያረፈ ማሳ ባለቤት ምን ምን መብት እንዳለው ሊያስረዳት ነበር የመጣው፣ ነገሩ ግን እሱንም ከፍቶት ነበር። ከበሩ ቆሞ ጉሮሮውን እየጠራረገ ሳለ እትዬ አንጓች ወንበር ሳበችለት።

«ቁጭ በል፣ ምሳ ላቅርብልህ።»

«ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት፣ እማማ።»

እንዳልሰማ ሆና የድንች ወጥና ትኩስ ዳቦ አቀረበች።

«በሞቴ።»

«እግዜር ያክብርልኝ። እውነቴን ነው፣ ጢም ብያለሁ።»

«አፈር ስሆን! አንድ ጊዜ ቅመስልኝ።»

«እንግዲህ ካሉኝማ… ትንሽ።»

ትንሿ ዳቦውን ግማሽ አደረሰችው። ወጡ ተጨመረ፣ እሱም አለቀ። እርጎ ቀረበ፤ ምኒችል «ኧረ በቃኝ» እያለ ሦስት ብርጭቆ ጠጣ። እትዬ አንጓች አራተኛውን እየቀዳች እንዲያው ለጨዋታ ጠየቀችው።

«ምሳህን የት በላህ?»

ምኒችል አቀረቀረ። «እውነቱን ልንገርዎ? ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም። ማሳ ለማሳ ስዞር ዋልኩ።»

«ታዲያ በልቻለሁ ያልከኝ ለምንድን ነው?»

ምኒችል ግራ ተጋብቶ አያት። «ምን ልበል ታዲያ? ሰው ቤት ገብቼ ርቦኛል ልበል እንዴ?»

የእርጎው ማንቆርቆሪያ በእጇ እንዳለ ቀረ። ይህን መልስ የት ሰማችው? «ኧረ በቃኝ፣ ተመስገን፣ አትቸገሩ።» በየሐሙሱ ነው የሰማችው፤ እሷ ስትሰማውና ስትኮራበት ዓመታት አልፈዋል።

«ምኒችል፣ እነዚህን ማሳዎች መናገር ያስተማራቸው ማን ነው?»

«ማንም። አንድ ማሳ አፍ ሲሰጠው በመጀመሪያዎቹ ወራት የባለቤቱን ቤት እየሰማ ነው አፉን የሚፈታው። ለዚህ አይደል እንዴ ነጋሪት ቁርጥ አያ ቢያድግ…»

አልጨረሰውም። ሁለቱ ተያዩ። መጀመሪያ እትዬ አንጓች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ቀጥሎ ምኒችል፣ ከዚያ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ስንት ሐሙስ ነው» አለ ምኒችል ዓይኑን እየጠረገ፣ «ማሳችሁ የሚላችሁን ስሙ እያልኩ ያስተማርኩት! እንዴት እንደሚጠየቅ አንድም ቀን አላስተማርኩም።»

ወዲያው ግን ሳቁ ጠፋ። «አፉ ተዘግቷል እኮ። ዳኛዋ ደግሞ የሚጠይቁት አንዴ ነው፣ የሚመዘገበው የመጀመሪያው መልስ ነው።»

«አንዴ ተጠይቆ ርቦኛል የሚል ከዚህ ቤት አልወጣም» አለች እትዬ አንጓች፣ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

ሐሙስ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፣ የተረፈው ሰው በመስኮት ተንጠለጠለ። ዳኛ ሐመልማል በፍርድ አያዳሉም፣ አያንዛዙም የሚባልላቸው ሴት ናቸው። ከፊት ባለመከዳ ወንበር ሲቀርብላቸው «ኧረ እዚህ ይበቃኛል» ብለው ወደ አግዳሚው ሄዱ። ሽማግሌዎቹ ለመኑ፣ እሳቸው «ግድ የለም» አሉ፣ ሽማግሌዎቹ «በሞታችን» አሉ፣ ዳኛዋ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ብርዝ መጣ። «አልጠማኝም» አሉ። እንደገና ተለመኑ። ከዚህ በኋላ ነው ወደ ጉዳዩ የተገባው።

«ማሳ ሸጋው!»

«አቤት።»

እትዬ አንጓች ድምፁን ስትሰማ «እንዴት አደርክ» ልትለው ምንም አልቀራት። አንድ ሳምንት ብቻ ነበር ያልሰማችው።

«በሁለት ተከታታይ የምርት ዘመናት ምርትህ ቀንሷል። ምን ጎደለህ?»

«ምንም አልጎደለብኝ፣ ተመስገን» አለ ሸጋው። «መንገዱ እንዴት ነበር? አላደከመዎትም?»

አዳራሹ አጉረመረመ። ዳኛዋ ራሳቸውን ነቀነቁና ውሳኔውን ሊናገሩ ቀና አሉ። እትዬ አንጓች ተነሳች።

«ክብርት ዳኛ፣ እንደገና ይጠየቅልኝ።»

«መልሷል እኮ፣ እናቴ። የምፈልገውን እስኪለኝ ድረስ ብጠይቀው ምስክርነቱ ምኑ ላይ ነው?»

ምኒችልም ተነሳ። «ክብርት ዳኛ፣ ይህ ማሳ አፉን የፈታው በእሳቸው ቤት ነው…»

«ሁሉም ማሳ በአንድ ሰው ቤት ነው አፉን የፈታው። ለአንዱ ሕጉን ብለውጥ ለሌላው ምን ልመልስ ነው?»

እውነት ነበራቸውና ምኒችል ተቀመጠ። እትዬ አንጓች አሥራ ዘጠነኛው ፎቅ ወለል ብሎ ታያት። በዚህ ጊዜ ከኋላ አንድ ሰው ጉልበቱን እያማረረ ተነሳ፤ አያ ቢያድግልኝ ነው።

«እኔ ልናገር! እኔ መቼም ከተናገርኩ ነገር ይበላሻል ትላላችሁ፣ ግን ልናገር! ክብርት ዳኛ፣ ያ ወንበር ላይ ስንት ጊዜ ተለምነው ነው የተቀመጡት?»

ዳኛዋ የተቀመጡበትን ወንበር አዩ።

«ብርዙንስ? አልጠማኝም አላሉም? ጆሮዬ ነው እንዴ? ብርጭቆው የት አለ?»

ሰዉ ሁሉ ብርጭቆውን አየ። ዳኛዋም አዩት። ባዶ ነበር፤ ጠብታ አልቀረውም። ዳኛዋ ከንፈራቸውን በመሃረብ ጠረጉ፣ ሳቃቸውን ለመዋጥም ታገሉ።

«የመጀመሪያ መልሴን እኔም ዛሬ ሁለት ጊዜ አጥፌያለሁ» አሉ። «ይለመን።»

እትዬ አንጓች ወደ ድምፅ ማጉያው ቀና አለች።

«ሸጋው።»

«አቤት እትዬ። እንደምን ሰነበትሽ?»

«ደህና ነኝ። በሞቴ፣ እውነቱን ንገረን። ምን ጎደለህ?»

«ኧረ ምንም። ስለ እኔ አታስቡ።»

«ይበልጣል ይሙት!»

አዳራሹ ደነገጠ፤ በአንድ ልጇ ስትምል ሰምቷት የሚያውቅ የለም። የሸጋው ድምፅም ተደናቀፈ። «ተይ እንጂ እትዬ፣ ልጁ ምን አደረገሽ… ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ። እንዲያው አትቸገሩ።»

«አፈር ስሆን!» አለች እትዬ አንጓች።

ምኒችል ይህን ለአፈር ሲባል ሲሰማ ሳቁ አመለጠው። አያ ቢያድግልኝ ግን ከኋላ «አፈር ስንሆን!» ብሎ ተቀበለ፣ ሴቶቹ ቀጠሉ፣ ሽማግሌዎቹ ቀጠሉ፣ አዳራሹ ሁሉ አንድ ሆኖ ለመነ። ከዚያ ሁሉም ጆሮውን ሰጠ።

«እንግዲህ ካላችሁማ…» አለ ሸጋው በቀስታ። «ኖራ ቢገኝ። ትንሽ።»

«ትንሽ ስንት?» አሉ ዳኛዋ።

«አንድ ሁለት ኩንታል… ኧረ ብዙ! ሆዴን እየኮመጠጠኝ ስንት ጊዜዬ ነው! አፍ ሳላወጣ የሰጣችሁኝ ፎስፈረስ ይኸው ውስጤ እንደታሰረ አለ፣ አንዷን ስንዴ እንኳ አላቀመስኳትም። ፍግማ ጋሼ ከሞቱ ወዲህ ዓይቼው አላውቅም። ደግሞ ካነሳችሁት አይቀር፣ ስንዴ በስንዴ ላይ ሰልችቶኛል፤ ባቄላ ናፍቆኛል!»

ሰዉ ይስቅ ነበር፣ አንዳንዱም ዓይኑን ይጠርግ ነበር። ነጋሪት ከሩቅ ሰምቶ «ይኸውላችሁ! እኔ ስናገር ግን…» ሲል ተቆረጠ። እትዬ አንጓች የሳቀችውና ያለቀሰችው ባንድ ላይ ነው።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ?»

«ብቻሽን ነሽ፣ እንዴት ላስቸግርሽ?» አለ ሸጋው። «ደግሞ እኛ ቤት ርቦኛል ሲባል ሰምቼ አላውቅም። እንዴት እንደሚባልም አላውቅበት።»

እትዬ አንጓች ተቀመጠች።

ዳኛዋ ፈረዱ። ሸጋው አልደከመም፣ ተርቧል፤ ኖራና ፍግ ይሰጠው፣ በመጪው ክረምት ባቄላ ይዘራበት። በዚያው ቀን ሌሎች ጨዋ ማሳዎችም በልመና ተጠየቁ፤ ስንቱ በዝምታ ሊያልቅ ተቃርቦ እንደነበር ሲታወቅ ምኒችል ላብ አጠመቀው። ከዚያ ወዲህ በወንቃ ሴሚናር ማሳ ሦስት ጊዜ ይለመናል። ነጋሪት ብቻ አንዴ ይጠየቃል፣ ከሚለውም ግማሹን ያገኛል። አያ ቢያድግልኝ ይህን ግፍ ሳያማርር የዋለበት ቀን የለም።

በግንቦት የሸጋው ኖራ በደቦ ተበተነ። አያ ቢያድግልኝ ወገቡን እየያዘ ከሁሉ አብልጦ በተነ፣ ምኒችልም ሲበላ «ርቦኛል» ብሎ ለመናገር ሞክሮ በሁሉም ተሳቀበት። ሰዉ ሲበተን እትዬ አንጓች ከማሳው ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ እርሻው ዱቄት የተነሰነሰበት መስሏል። ስልኳ ጮኸ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ እንዴት ዋልሽ? ኖራው ደረሰ?»

«ደረሰ፣ ተበተነ። ሁሉም ደህና ነው።»

«ደስ ሲል! አንቺስ? ምን ጎደለሽ?»

«ምንም አልጎደለብኝ፣ ተመስገን። አንተ ብቻ ደህና…»

«ይበልጣል» አለ በአጥሩ ጥግ ካለው ምሰሶ የመጣ ድምፅ፣ «አንዴ ጠይቀህ አትተዋት።»

«እማዬ፣ ማን ነው እሱ?»

«ማሳው ነው፣ ተወው። ኖራ ከቀመሰ ወዲህ አፉ አያርፍም።»

ይበልጣል ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወ። የሐሙሱን ነገር ሰው ነግሮታል።

«እማዬ፣ በሞቴ። ምን ጎደለሽ?»

«ኧረ ምንም፣ ልጄ።»

«እማዬ።» ድምፁ የልጅነቱን ድምፅ መሰለ። «አፈር ስሆን።»

እትዬ አንጓች በኖራ የነጣውን እርሻ አየች። ርቦኛል እንዴት እንደሚባል እሷም አታውቅበትም ነበር።

«እንግዲህ ካልክማ…» አለች። «ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል። ና።»

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለ ይበልጣል ወዲያው። «ምን ይዤልሽ ልምጣ?»

«ምንም» ልትል አፏን ከፈተች፣ ወደ ምሰሶው ዞር ብላ አየችና ተወችው።

«ልጆችህን» አለች።